የሌምፒ አጥር

ሴፕቴምበር 9፣ 2004
ዝናብ። እንጨት ልፈልጥ ወጥቼ ወገቤ እምቢ አለኝ። ከሰዓት አርኒ ደወለ፤ የባሕር ኃይሉ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ የቀረ የድሮ ባልደረባዬ።
«ሬይኖ፣ በወሩ መጨረሻ ሊያጠፉት ነው።»
«ምኑን?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

ሴፕቴምበር 12
በጫካው ውስጥ የጣቢያውን የአንቴና ሽቦ ተከትዬ ሄድኩ። እኔ የነደፍኩት መስመር... ሰርጓጅ መርከብ ከውቅያኖስ ሥር ሆኖ እንዲሰማን እጅግ ዝቅተኛ ሞገድ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ሞገድ ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ሽቦና ከሥሩ ጠንካራ አለት። አለቱን እዚህ ሚሺጋን አገኘነው። ውቅያኖሱን ሁሉ አስልተን የሰው አጥር ረሳን!

ያኔ፣ በ1989፣ ሌምፒ የጣቢያው በር ላይ መጥታ ጮኸች። ባሏ የሞተባት፣ ላም አርቢ። «ሽቦህ የአጥሬን ሽቦ እያስነዘረ ላሞቼ ውሃ ሊጠጡ አልቀርብ አሉ! መሐንዲስ ነኝ ትላለህ ደግሞ!» በማግስቱ አጥሯ ሥር ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ የአርዚንግ ዘንግ ቀበርኩላት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ሐሙስ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሬን ይዤ እሄዳለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ። እለካለሁ፣ ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ታቀርብልኛለች፣ እናወራለን። እንዴት ደስ የሚል ጊዜ ነው።

ሴፕቴምበር 20
ሬዲዮው ከጠፋ አጥሩን ምን ያስነዝረዋል? እኔስ በምን ሰበብ ልሄድ ነው? በስልሳ ስምንት ዓመቴ እንደ ጎረምሳ... ፈራሁ።

ሴፕቴምበር 28
ጠፋ። አለቀስኩ። ለሬዲዮው ብቻ ነው?

ሴፕቴምበር 30፣ ሐሙስ
ልነግራት ሄድኩ። «ከእንግዲህ መለካት አያስፈልግም፤ ጣቢያው ተዘግቷል።»
ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ላሞቹን ከሸጥኩ ስድስት ዓመቴ! የአጥሩንም ሽቦ ያኔ አስነቅያለሁ። ባዶ እንጨት ነው ስትለካ የኖርከው።»
«አውቃለሁ» አልኳት።
«ማወቅህንማ አውቃለሁ። እስከ መቼ ይሽኮረመማል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»
ፊቴ ጋለ። እራት በልቼ ተመለስኩ።

ኦክቶበር 17
ዛሬ ሌምፒ ፖም እየላጠች ጠየቀችኝ፤ «ያ ሁሉ ሽቦ ለመሆኑ ስንት ወሬ ያወራ ነበር?»
«ሦስት ፊደል ለመላክ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። መርከቡ ደግሞ መስማት እንጂ በዚያ መስመር መልስ መላክ አይችልም። ይድረስ አይድረስ እኛ አናውቅም።»
ቢላዋዋን አስቀመጠች።
«እኔ ጋ ከደረሰ ቆይቷል» አለች። «መልስ መስጠቱ ጠፍቶኝ ነው እንጂ።»
እጇን ያዝኩ። ይህን የምጽፈው በእሷ ወጥ ቤት ተቀምጬ ነው። ልብሶቼን ነገ ከቤቴ አመጣለሁ።