ቢሮ ያደረው ሻንጣ

ይድረስ ለልጅነት ጎረቤቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሳሉስ ለቀቀህ? ልጆችህ እየመጡ ይጠይቁሃል ወይስ አሁንም በስልክ ብቻ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን ከወትሮው ረዝሞ ብታየው አትደንግጥ፤ አልታመምኩም። ባለፈው ማክሰኞ የደረሰብኝን ልነግርህ ፈልጌ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አብረህ የላክኸው ገንዘብም ሳይጎድል ደርሶኛል፤ ያመጣልኝ የአውቶቡሱ ሹፌር ጨዋ ሰው ነው። አንተ ሚስትህን፣ እኔ ባሌን ከቀበርን ወዲህ የምንጻጻፈው ስለ ዝናብና ስለ ሳል ነበር። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፋ፤ ወሩ ሳያልቅ ነይና አብረን እንኑር፤ ይህ ለመሳፈሪያሽና ለሚያስፈልግሽ ነው ብለሃል። መልሴን የምነግርህ የማክሰኞውን ከነገርኩህ በኋላ ነው። አውቅሃለሁ፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ትዘላለህ። እባክህ አትዝለል።

ደብዳቤህን ያነበብኩት እሑድ ነው። ለማንም አልተነፈስኩም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከቢሯችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገብቼ ሻንጣ ገዛሁ። ቡናማ ነው፤ ከሥሩ ጎማ አለው። በዚህ ዕድሜዬ የራሴ ሻንጣ ኖሮኝ አያውቅም፤ ባለሱቁ ዚፑን ከፍቶ ሲዘጋልኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ወዴት እንደምወስደው ያሰብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። አከራዬ ወሬ ከያዘች ድስቷ ቢያርርም የማትነሣ ሴት ናት። ሻንጣ እየጎተትኩ በግቢው በር ብገባ፣ ገና ሳልቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ከዚያ «በዚህ ዕድሜዋ» የሚለው ይከተላል። እሱን ፈርቼ ሻንጣውን ቢሮ፣ ከወንበሬ ኋላ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የቁጠባ ማኅበር ሊቀመንበር ካዝናው አጠገብ ሻንጣ አቁማ ሄደች። አሁን ስጽፈው እንኳ ራሴን ያዞረኛል።

ስለ ሥራዬ በደንብ ነግሬህ አላውቅም። ሰዎች ባንክ ይሉታል እንጂ አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ካዝና ነው። አጣቢዎች፣ አናጢዎች፣ ተሸካሚዎች፣ መንገድ ዳር የሚቸረችሩ ሴቶች በየሳምንቱ የቻሉትን ያስቀምጣሉ፤ የቸገረው ደግሞ ይበደራል። እኔ ሊቀመንበር የሆንኩት ከሌላው ስለምበልጥ አይደለም፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀምኩ መሆኔን አንተ ታውቃለህ። የመረጡኝ ዝም ስለምል ነው። የማን ባል እንደተበደረ፣ ማን መክፈል እንዳቃተው ከአፌ አይወጣም። ድሮ ሰው ገንዘቡን ሲሰጠኝ ብር የሚሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ የሚሰጠኝ ፍርሃቱን ነው። የሚታመምበትን ቀን፣ ሥራ የሚያጣበትን ቀን አጣጥፎ እጄ ላይ ያኖርና ቀለል ብሎት ይሄዳል።

ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው አጣቢዋ ናት። እንደ ሁልጊዜዋ መሐረቧን ከጉያዋ አወጣች፤ ቋጠሮውን ልትፈታ ስትል ዓይኗ ከወንበሬ ኋላ ሄደ። ሻንጣውን አየች። እኔን አየች። ቋጠሮውን መልሳ ወደ ጉያዋ ከተተችው። «ዛሬስ ይቅር፣ እትዬ» ብላኝ ወጣች። ያኔ እንኳ አልገባኝም፤ ልጇ ታሞባት ይሆናል ብዬ አዘንኩላት።

ረፋዱ ላይ በሩ አልዘጋ አለ። ሰልፉ መንገዱን ተሻግሮ ሻንጣ እስከገዛሁበት ሱቅ ደረሰ። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ገንዘቤን ስጪኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ አንዷ ልጄን ልድር ነው ትላለች፣ ሌላው ጣራዬ ያፈሳል ይላል፤ ዓይናቸው ግን ከሻንጣው አይነቀልም። በቀጥታ የተናገረው አናጢው ብቻ ነው። «እትዬ፣ ሻንጣው ባዶ ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል? ሙሉ ከሆነ ደግሞ የማን ነው?» አለኝ። ከኋላው የቆሙት ሳቁ፤ የሳቁት ግን ደስ ብሏቸው አይደለም። አንዲት ሴት «እኛ ዝምተኛ ናት እንላለን፤ ለካ እያሰበችበት ኖሯል» ስትል ሰማኋት። ስንት ዓመት ሰላም ስንባባል የኖርን ነን።

በሁለተኛው ጠረጴዛ የምትሠራው ገንዘብ ያዧ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሩን እንዝጋው አለችኝ። ዛሬ ከተዘጋ ነገ አይከፈትም አልኳት። ለመጣው ሁሉ ክፈዪ፤ አትቸኩዪ፣ አታጓትቺ፤ ደግሞ ፈገግ በዪ። እሷ ፈገግ እያለች ስትከፍል እኔ ካዝናውን አያለሁ። የታችኛው መደርደሪያ ብረቱ መታየት ጀምሯል።

ተሰልፎ የቆመው ሰው የማያውቀው ነገር ምን መሰለህ? ገንዘቡ እዚያ የለም። ካዝና ውስጥ የሚያድረው ጥቂት ነው። የቀረው የዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃ ሆኗል፣ የአናጢው መጋዝ ሆኗል፣ የአንዱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል። ዳቦ ጋጋሪዋ ራሷ ክንዷ ላይ ዱቄት እንዳለ መጥታ ተሰልፋለች። ከፊቷ የቆመችው ተመልሳ የመጣችው አጣቢዋ ናት። የአንዷ ቁጠባ የሌላዋ ምድጃ መሆኑን ሳያውቁ በትከሻ ይገፋፋሉ። እስከ ምሳ እንዲህ ከቀጠለ፣ ለአጣቢዋ ለመክፈል የዳቦ ጋጋሪዋን ምድጃ ማሸጥ ሊኖርብኝ ነው። ያን ጊዜ ማኅበሩ አበቃለት።

ተነሣሁ። ሻንጣውን ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ ዚፑን ከፈትሁት። ፋብሪካው ያጨቀበት ወረቀት ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ቀሚስ፣ የዋጋው ወረቀት እንደተንጠለጠለበት። ስለ ቀሚሱ አልነገርኩህም፤ የዚያኑ ቀን ከሻንጣው ጋር የገዛሁት ነው። ሰማያዊ ነው። አናጢው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ተገላገልኩ ብዬ ትንፋሼን ልመልስ ስል፣ አጣቢዋ ለስለስ ባለ ድምፅ «እና እትዬ፣ ወዴት ልትሄጂብን ነው?» አለችኝ።

ለአናጢው ቀልድ ሻንጣውን መክፈት በቅቶ ነበር። አልሄድም እንዳልል ደብዳቤህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እሄዳለሁ ብል ካዝናው ውስጥ የቀረችው ገንዘብ ላይ ይረባረባሉ። ገንዘባቸውን ያኖሩት ካዝናው ዘንድ ሳይሆን እኔ ዘንድ ነው፤ ይህን እስከዚያች ደቂቃ እኔም አላውቅም ነበር። ገንዘብ ያዧ ልጅ ብልህ ናት፣ ሥራዬን ትይዘዋለች፤ ግን ገና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፣ እነሱም ፊቷን መልመድ አለባቸው። በሩ ላይ ያሉት መገፋፋት ጀመሩ።

ቦርሳዬን ከፍቼ የላክኸውን ፖስታ አወጣሁ። ለልጅቷ ሰጠኋትና አስገቢው አልኳት። ሰው ሁሉ እያያት ቆጠረችው። ቆጥራ ስትጨርስ በማን ስም ላድርገው አለችኝ። በስሜ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ያንተ ስም ነው። ከነአባትህ።

ከዚያ አናጢው፣ እግዜር ይስጠውና፣ «ልትጠፋ የተነሣች ሴት ገንዘብ ታስገባለች እንዴ?» ብሎ ከሰልፉ ወጣ። አጣቢዋ መሐረቧን ፈታች። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀሚሱን አንሥታ ጨርቁን እየዳበሰች፣ ጎንሽ ላይ ይጠብሻል፣ ላስፋልሽ አለችኝ። ሁሉም ተመለሰ አልልህም። ገንዘባቸውን ይዘው የሄዱ አሉ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው አጥሯል። ሌላ ወሬ ከተነሣ ደግሞ ያው ሰልፍ ነው። የቀረነው ግን ከሰዓት በኋላ ሥራችንን ጀመርን።

ማታ ቤቴ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ አከራዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ማነው ሰውየው አለችኝ። የልጅነት ጎረቤቴ ነው አልኳት። «እኔስ ስንት ዘመን ጎረቤት ኖሬ፣ አንድ ሰው ሳንቲም ልኮልኝ አያውቅም» አለችና ወንበር አመጣችልኝ። የፈራሁት ይህን ነበር፤ ሲደርስ ቀሎ አገኘሁት።

ሳላስፈቅድህ ገንዘብህን በመንካቴ ይቅር በለኝ። ጠፋ ብለህ ግን አትስጋ። መልሼ ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ደንባችን አልፈቀደልኝም፤ ደንቡን ያረቀቅሁት ደግሞ እኔው ነኝ። በአንድ ሰው ስም የገባ ገንዘብ በደብዳቤ አይወጣም፣ በሹፌርም እጅ አይላክም፤ ሊቀመንበሯ ራሷ ልታወጣው አትችልም። ባለቤቱ በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት። የፊርማህ ቦታ ባዶውን ነው።

ደረጃ መውጣት እንደሚያስቸግርህ አንድ ጊዜ ጽፈህልኛል። ቢሯችን ምድር ቤት ነው፤ አንድም ደረጃ የለውም። አውቶቡሱ እበሩ ላይ ያወርድሃል። ዓርብ ዓርብ ሰው ስለሚበዛ ሌላ ቀን ብትመጣ ይሻላል። አንዳንዱ ገንዘቡን ወስዶ ያንኑ ቀን ይመለሳል፤ አንዳንዱ አባል ይሆናል። ለአባልነት ደንቡ የሚጠይቀው በዚህ ሰፈር መኖርን ብቻ ነው። እኔ ማንንም አልገፋም፤ ደንቡን ነው የምነግርህ።

ከሳልህ ይማርህ፤ ልጆችህን ይባርክልህ፤ መንገድህን የቀና ያድርገው። ስትመጣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ያዝ።

አክባሪህ፣
የልጅነት ጎረቤትህ