ሞተሩን ለመንግሥቴ ያልሰጠሁበት ምክንያት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ወረታ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከጣና በኩል ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ሩዙ ቢጫ ሆኗል፣ ከዝቅተኛው ማሳ ግን ውሃው ገና አልሸሸም። ዛሬ ሞተር ብስክሌቱ አጠገብ የነበርነው እኔ፣ ጎረቤታችን አያ መንግሥቴና ባለቤቱ አምሳል ነን። እማዬም ከበሩ ላይ ሁና ታየን ነበር።

ለምወድህ ወንድሜ ለደሴ በእውቀቱ፣

እንዴት ከርመሃል? የጋምቤላው ሙቀት እንዴት አድርጎ ይዞሃል? መኪና ላይ ስትውል የሚያምህ ወገብህስ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህን ሠርካለምን ወባዋ ዳግም ጎበኛት ወይስ ተዋት? ትንሿ መባስ ጥርሷን ጨረሰች? እኛ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየንም። እማዬ ጉልበቷን ይዟታል፤ ይሁን እንጂ ኪዳን ሳታደርስ ውላ አታውቅም። ዘንድሮ ጎርፉ አጥራችንን ወስዶታል፣ ቤቱን ግን አልነካውም።

ይህን በስልክ ያልነገርሁህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ስንነጋገር አንተ ትቸኩላለህ፤ እኔ ደግሞ ቃል ሲጠፋኝ እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ባለፈውም እሺ ያልሁህ በዚሁ ነው። ሰው አፈናጥጦ መንገድ ላይ ሳይቆም ደብረ ታቦር ከወጣ ሞተሩ ያንቺ ነው፤ ከቆመ ግን ለመንግሥቴ ስጪው፣ ፈታትቶ ለሽንኩርቱ ውሃ ይሳብበት አልኸኝ። መንግሥቴም በዚህ ተስማማ። የዛሬው ነገር እንዴት እንደ ሆነ ከሌላ ሰው ሳትሰማው እኔው ልንገርህ።

ሞተሩ ስንት ሀገር ዞሮ እኛ ዘንድ እንደ ደረሰ አንተ ታውቃለህ። ፈረንጁ ከግብፅ ጀምሮ ነድቶት ጎንደር ላይ ሲሸጥልህ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ዘጠኙን ሁሉ ጨርሶ እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ነበር። በቀደም አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆጣሪውን አየና «እታለም፣ ይሄ እኮ ገና አዲስ ነው» አለኝ። ዕድሜውን የሚደብቅ እሱ ብቻ አይደለም።

ክረምት ላይ ጎርፉ ሲቃረብ ሞተሩን እርጥበት እንዳይበላው ብዬ በሩዝ ገለባ ውስጥ ቀበርሁት። ከወፍጮ ቤት በጆንያ እያመጣሁ እስከ መሪው ድረስ አለበስሁት። እንቁላል በጤፍ ውስጥ ከርሞ ደህና ከወጣ፣ ብረት በገለባ ውስጥ ምን ይሆናል ብዬ ነው። እማዬም ጎሽ ብላኝ ነበር። እውነትም ዝገት አልነካውም። ከመስቀል በኋላ አወጣሁት፤ ገለባውን አራግፌ፣ የአየር ማጣሪያውን አጥቤ፣ ዘይቱን ቀይሬ አስነሣሁት። ተነሣ፤ ነገር ግን የግራው ወገን ከቀኙ ወደ ኋላ ይቀራል።

አንተ ነዳኸው እንጂ ከፍተህ አላየኸውምና ላስረዳህ። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ በሬ ቀንድ ግራና ቀኝ የወጡ ናቸው፤ ለየራሳቸው ቤንዚንና አየር የሚያደባልቅ ካርቡራተር አላቸው። እኩል ካልሳቡ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። አባታችን ግራና ቀኝ የቆሙትን ተማሪዎች ሲያስዜም አንዱ ወገን ከቀደመ በመቋሚያው መሬቱን መታ አድርጎ ያስቆማቸው አልነበር? እኔ ከውጭ ሁኜ እሰማ ነበርና የቀደመውን ከዘገየው እለያለሁ። ጆሮ ብቻውን ግን አይበቃም። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ቱቦ ለመንሁና ግማሹን ዘይት ሞላሁበት፤ ሁለቱን ጫፎች ከሁለቱ ካርቡራተሮች ጋር አገናኘኋቸው። ብርቱ የሚስበው ወገን ዘይቱን ወደ ራሱ ይወስደዋል። ዘይቱ መኻል ላይ ጸጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ የጋዙን ሽቦ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅና ማላላት ነው። ይህን የተማርሁት ፈረንጁ ከተወው መጽሐፍ ነው። ሽፋኑም መጀመሪያውም ተገንጥሏል፤ ጽሑፉን አላውቀውም፣ ሥዕሎቹን ግን እየደጋገምሁ አይቻቸዋለሁ።

እንዲህ እያደረግሁ የግራውን ሽቦ ከቀኙ አብልጬ ስቤ አስተካከልሁት። ቁሞ ሲሠራ መቀመጫው ላይ ያኖርሁት ብርጭቆ ውሃ ጠብታ አላፈሰሰም። በሜዳውም እስከ ርብ ወንዝ ድረስ ወስዶ መለሰኝ። ሰዎች አሾፉብኝ። የመሪጌታ ልጅ ዜማውን ትታ የጭስ ማርሚታ ታዳምጣለች አሉ። ይበሉ።

ለምን ይህን ያህል እንደምደክም ትጠይቀኝ ይሆናል። በፎገራ ሜዳ የውሃ ፓምፕ የሌለበት ጎጥ የለም፤ ማሳው ድረስ ሄዶ የሚጠግን ግን የለም። ፓምፕ ሲታመም እንደ ሰው በወሳንሳ ተሸክመው ወረታ ያመጡታል። እስኪመጣና እስኪመለስ ችግኙ ይደርቃል። እኔ ቁልፎቼን ጭኜ ወደ ማሳው ብሄድ ውሃው በዚያው ቀን ይፈስሳል። ለዚህ ትንሽ ሞተር ይበቃሻል ትለኛለህ። ይበቃኝ ይሆናል፤ ያለኝ ግን ይህ ነው፣ ጠባዩንም አውቄዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት አያ መንግሥቴ ጋቢውን አጣፍቶ ከኋላዬ ተፈናጠጠ። የሚይዘው ቢያጣ የዕቃ መጫኛውን ብረት ጨበጠ፤ «በቅሎ እንኳ ልጓም አለው» እያለ እስከ መገንጠያው ድረስ አጉረመረመ። ገና ስንነሣ አንዲት ገበያተኛ «ዘንድሮ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ባል ጠለፈች» ብትል፣ አምሳል ከቆመችበት ሁና «ትውሰደው፣ ብቻ ለራት ትመልሰው» አለቻት።

እስከ ዓለም በር ድረስ እንደ ልቤ ሄደ። ከዓለም በር በላይ ዳገቱ ሲጠነክር ግን የግራው ወገን ታፈነ። ማርሽ ቀነስሁ። ጥቁር ጭስ ማውጣት ጀመረ። ጋዝ ስጨምርለት ይብሱን ይወድቃል። ጥቂት ታገልሁትና ጠፋ።

አያ መንግሥቴ ወርዶ ጋቢውን አራገፈ። «እንግዲህ እናኑ፣ ውል ውል ነው» አለኝ። በክፋት አልተናገረውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሆነበትን አጫወተኝ። ፓምፑ ከቆመ ወዲህ እሱና አምሳል ሽንኩርቱን በባልዲ ነው የሚያጠጡት፤ የቅጠሉ ጫፍ መቃጠል ጀምሯል። «አንቺ ለብረት ታዝኛለሽ፣ እኔ ለልጆቼ አፍ» አለኝ። እውነቱን ነው።

እስኪበርድ ድረስ እጄ ሥራ አይፍታ ብዬ የግራውን የአየር ቱቦ ፈታሁት። ከውስጡ የአይጥ ጎጆ ወጣ፤ ሙሉውን በሩዝ ገለባ የተሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር የገጠመ። አያ መንግሥቴ አየና «ይቺ አይጥ ከእኔ ቀድማ ገዝታዋለች» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ማጣሪያውን ብቻ አጥቤ ቱቦውን ሳላይ ቀርቻለሁ። ግራው አየር አጥቶ ሲደክም እኔ ሽቦውን እየሳብሁ በግድ ከቀኙ እኩል አደረግሁት። ያን ሁሉ ቀን ስደክም አቃናሁ ብዬ ለጉድለቱ ቦታ ሳሰናዳለት ነበር። ሜዳ ላይ ይሸፈናል፤ ዳገት ላይ ወጣ።

ቱቦውን ጠርጌ ብገጥመውም ሁለቱ ወገኖች አልስማማ አሉ፤ አሁን ደግሞ ግራው ይቀድማል። በዚህ አኳኋን ሽቅብ ማስገደድ ሞተሩን መግደል ስለሆነ ቁልቁል መለስሁት። አያ መንግሥቴ ቤት ሲደርስ፣ ነገ ጠዋት ጋሪ ይዤ እመጣለሁ አለኝ። እሺ አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ከሞተሩ ሥር አልተነሣሁም። ቱቦዬን ባገናኘው፣ የግራው ጉሮሮ አብዝቶ ስለተከፈተ መሳቡ ላልቶ ዘይቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ሮጠ። የግራውን ሽቦ አላላሁ፣ ቁሞ ሲሠራ የሚይዘውን ፍጥነት፣ ሚኒሞውን፣ ዝቅ አደረግሁ፣ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ጠርጌ መለስሁ፤ ፀሐይ ሳትገባ ዘይቱ መኻል ላይ ቆመ። የቀረኝ የቫልቮቹ ክፍተት ነው። እሱን መለካት የሚቻለው ሞተሩ በርዶ ሲያድር ስለሆነ ለነገ ጠዋት አቆይቼዋለሁ። እንግዲህ ደሴ፣ ሁለት እሺ አለብኝ፤ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለመንግሥቴ። ሁለቱንም አልፈጽማቸውም። ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ።

ነገ ጊዜ ባጣ ሰላምታውን ዛሬ ልጻፈው። ሠርካለምን ጉንጯን ሳምልኝ ብላሃለች እማዬ፤ የላክሽው ጨርቅ ደርሶ ለደብረ ታቦር በዓል ለብሼዋለሁ በልልኝም ትላለች። መባን አክስትሽ አንድ ቀን በሞተር መጥታ ታይሻለች በላት፤ አይሆንም አትበላት። አብሮህ ለሚነዳው ለሰውመሆን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እናቱ ደህና ናቸው፣ ባለፈው እሑድ አይቻቸዋለሁ። አያ መንግሥቴም ቢቀየመኝ እንኳ ሰላም በይልኝ ማለቱ አልቀረም።

ረቡዕ ጠዋት ያደረግሁት ደግሞ ይህ ነው።

ጎህ ሲቀድ የሁለቱንም ወገን የቫልቭ ክዳን ፈታሁ። ብረቱ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዟል። መለኪያ የለኝምና በአዲስ ምላጭ ለካሁ። በማስገቢያው ቫልቭ አንድ ምላጭ፣ በማስወጫው ሁለት ምላጭ ተደርቦ፣ ጨበጥ እያደረገው ማለፍ አለበት። የግራው ማስወጫ ጠብቆ አገኘሁት፤ አላላሁና እንደገና ለካሁ። ክዳኑን ገጠምሁ። ዘይቱን አየሁ፣ ጎማዎቹን በእጄ ተጫንኋቸው፣ የአየር ቱቦዎቹን ሁለቱንም ከፍቼ በውስጣቸው ብርሃን አየሁ። ከዚያ ረገጥሁት። በሁለተኛው ተነሣ።

አያ መንግሥቴና አምሳል ጋሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ሞተሩ እየሞቀ ነበር። ውሉን አፍርሻለሁ አልሁት። ሞተሩን ፈታትተህ፣ አስበይደህ፣ ፓምፕ እስኪሆንልህ ድረስ ሽንኩርትህ ያልቃል፤ የድሮው ፓምፕህ ምኑን ነው የታመመው ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ተበልቶ አየር እያስገባ ነው፣ እንደሱ ያለ ቀለበት ደግሞ ወረታን ሙሉ ዞሬ አጣሁ አለኝ። አምሳል መቀነቷን ፈታችና የተበላውን ቀለበት አወጣች። ደብረ ታቦር የፓምፕ ዕቃ ሱቅ አለ፤ ዛሬ ፀሐይ ሳትገባ ይህን አምጥቼ ውሃህን ካላፈሰስሁልህ ሞተሩን በገዛ እጄ ፈትቼ ጋሪህ ላይ እጭነዋለሁ አልሁት። ይህን ያህል ስናገር ሰምታኝ አታውቅምና እማዬ እየተመረኮዘች ወጥታ አየችኝ።

አያ መንግሥቴ ጋሪውንም ሞተሩንም እያፈራረቀ አየ። ይሁን፣ እኔ ግን ሁለተኛ ከኋላሽ አልቀመጥም፣ ወገቤ እስካሁን የራሴ አይደለም አለ። አምሳል «ቁጭ በል፣ እኔ እሄዳለሁ። አንተ ሲቆም አይተሃል፤ እኔ ደግሞ ሲወጣ ልየው» አለችው። ነጠላዋን አደግድጋ ተፈናጠጠች።

ከዓለም በር በላይ፣ ትናንት በጠፋብን ቦታ ስናልፍ አንድ ማርሽ ቀነስሁ፤ ሌላ አልቀነስሁም። ሁለቱም ወገን እኩል ይተነፍሱ ነበር። አንድ ጭነት መኪና አለፍን፤ አምሳል ለሹፌሩ እጇን አወዛወዘችለት፤ እኔ ግን ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም። ወደ ደጋው ስንጠጋ የቤንዚኑ ሽታ ጥቂት ከበደኝ፤ አየሩ ስለሚሳሳ የካርቡራተሩን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይኖርብኛል። እሱን ሌላ ቀን እሠራዋለሁ። ከወረታ ተነሥተን ደብረ ታቦር እስክንገባ እግሬ መሬት አልነካም።

ሱቁ ክፍት ነበር። አሮጌውን ቀለበት ከአዲሱ ላይ ደርቤ ለካሁት፤ ልክ ነው። ሁለት ገዛን፣ አንዱ መጠባበቂያ ነው፤ አምሳል መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻቸው። አሁን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ከዚህ ቁልቁል ወርደን ቤት ሳንገባ በቀጥታ ወደ አያ መንግሥቴ ማሳ ነው የምንሄደው፤ ቁልፎቼን ይዣለሁ።

ሞተሩ ያንተ ነበር፤ በውላችንም ትናንት ተሸንፌያለሁ። ወቀሳህን ጻፍልኝ፣ ተቀብዬ አነበዋለሁ። ሞተሩን ግን አትጠይቀኝ።

አምሳል ተነሺ እያለችኝ ነው።

እህትህ እናኑ በእውቀቱ
ደብረ ታቦር
ረቡዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2012 ዓ.ም.