ጭንቅላቱ እኛ ዘንድ ቀርቷል

ውድ ክቡር ወንድሜ ዋይ-ሃንግ፣

የላክኸው ጥብስ አሳማ ደርሶናል። ሁለት ሰዎች በቀይ ወረቀት ጠቅልለው፣ ከነሙሉ አካሉ ተሸክመውት ሲገቡ የፎቁ ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ አየ። ሙሉ አሳማ ከሙሽራው ቤት ወደ ሙሽራይቱ ቤት ነውና የሚላከው፣ ጎረቤታችን እማዬን «ሱክ-ይንን ዳርሻት እንዴ?» አለቻት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ! የተዳርከው አንተ እንደሆንክ፣ ያውም ድንበር ማዶ ሼንዘን፣ ለመናገር አፈርኩ።

ካርድህንም አነበብኩላት። ቅዳሜ በግብዣህ ላይ አጠገብህ እንድትቀመጥ ትፈልጋለህ፤ ጋዜጠኞችም ይኖራሉ። እናትህ ናፍቃህ መስሎን ነበር። ለካ የናፈቀህ ፎቶዋ ነው፤ ሠራተኛው ዛሬም ከአንተ ጋር ነው ለማለት።

ካቻምና እንግሊዞቹ ሆንግ ኮንግን ሊያስረክቡ ሻንጣቸውን ሲያስሩ፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ያልታያቸው ደግነት ድንገት ታያቸው። በፊት በምክር ቤቱ የልብስ ፋብሪካውን ዘርፍ ወንበር የሚመርጡት ባለቤቶቹ ነበሩ፤ ያን ዓመት እኛ ልብስ ሰፊዎቹም እንድንመርጥ ተፈቀደልን። እኔ አሾፍኩ። እማዬ ግን የአዲስ ዓመት ጃኬቷን ለበሰች፤ የምርጫ ወረቀቱን እንዳታቆሽሽ የስፌት መኪናውን ዘይት ከጣቶቿ ፈግፍጋ ታጠበች። በዕድሜዋ መርጣ አታውቅም። የመጀመሪያ ድምጿን ለልጇ ሰጠች።

አንተ ደግሞ እኔ የሰፋሁልህን የዕጩ ጥብጣብ በትከሻህ አጥልቀህ፣ ከምሳ ዕቃችን እየጎረስክ፣ «እናቶቼ፣ ይህች ወንበር የእናንተ ናት፤ ከእናንተ በቀር ማንም አይሰጠኝም» አልክ። እንባህም መጣ። ዛሬ ሳስበው ሽንኩርቱ ይሆናል።

ቤጂንግ የመረጥነውን ምክር ቤት በርክክቡ ቀን አፍርሳ በራሷ ሰዎች እንደምትተካው ስትናገር፣ እንቢ ትላለህ ብለን ጠበቅን። አንተ ግን እስከ ርክክቡ ሼንዘን በሚሰበሰበው በአዲሱ ምክር ቤት ወንበር ልታገኝ ደጅ ጠናህ፤ አገኘህም። የዚያን ዕለት ስትደውል እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አሁን የመረጠህ ማነው ልጄ?»

«አራት መቶ ትልልቅ ሰዎች ናቸው እማዬ። ከውስጥ ሆኜ እንድጠቅማችሁ ነው።»

«ከእነሱ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ አለ?»

«እማዬ፣ ፖለቲካ አይገባሽም።»

ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በቁራጭ እየተከፈላት ልብስ ሰፍታ ያስተማረችህ ሴት አይገባትም! ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይኸው ነው። ብትረግምህ ይሻልህ ነበር፤ ስምህን ካነሳች ግን ይኸው ወራት አለፉ።

አሳማውን ልጥለው ስል «እሱ ምን አጠፋ?» ብላ ቢላዋዋን ሳለች። ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፈለችው። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ተቀባይ መሃሉን ይበላል፣ ጭንቅላቱንና ጅራቱን ለላኪው ይመልሳል፤ ጅምሩም ፍጻሜውም ያማረ ይሁን ለማለት። እማዬ ግን ጅራቱን ብቻ በዚያው ቀይ ወረቀት ጠቀለለችው።

«ጭንቅላቱስ?» አልኳት።

«እሱ እዚሁ ይቀራል። ጅምሩ የእኛ ነበር። ጅራቱን ላኪለት፤ ፍጻሜው የእሱ ነው።»

ስለዚህ ቅዳሜ አትጠብቃት፤ ሥራ አለባት። አጠገብህ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍርህ ይህን ጅራት አስቀምጥበት፤ ፎቶም ተነሱ።

አንድ ጊዜ የመረጠችህ፣
ሱክ-ይን
ከክዉን ቶንግ