ተራራው በግራ ሲሆን

ሱለይማኒያ
ሚያዝያ 30 ቀን 2000 እ.ኤ.አ.

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለሽለር፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ባልሽስ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሁላችንም ማለቴ አይደለም፤ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፣ አትደንግጪ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ነገ በቱርክ በኩል ስለሚሄድ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ነው፤ እየሳቅሽ አንብቢው። የላክሽው ሹራብ ለአባትሽ ልክ ሆኖታል። በዚህ ሙቀት አላወልቅም ብሎ ሰፈሩን ይዞርበታል፣ «ልጄ ከጀርመን» እያለ፤ ሰው ሁሉ ሰልችቶታል።

እህትሽን ገላዌጅን ሰው ለትዳር ጠይቋታል፤ ይህን ባለፈው ጽፌልሻለሁ። ልጁ ሄሚን ይባላል፣ የመብራት ሽቦ ይዘረጋል፣ እጀ ወርቅ ነው፣ ሲጋራ እንኳ አያጨስም። ከኪርኩክ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው፤ ሰፈራችን ከገቡ ገና ስድስት ወራቸው ስለሆነ አያውቁም። ምን እንደማያውቁ አንቺ ታውቂዋለሽ። በሦስት ዓመቷ ያ ትኩሳት ከያዛት ወዲህ የእህትሽ ግራ እግር ከቀኙ ሁለት ጣት እንዳጠረ ቀርቷል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት እኮ፣ ሽለር።

አንቺ «እውነቱን ንገሪያቸው» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ከጀርመን ሆኖ እውነት መናገር ቀላል ነው፣ ልጄ። በአራት ዓመት ውስጥ ለሦስት ቤተሰብ እውነቱን ነግሬያለሁ፤ ሦስቱም የያዙትን ሻይ ሳይጨርሱ ነው የተነሡት። የመጨረሻዋ ሴትዮ ደግሞ በር ላይ ዘወር ብላ «ሚስቱ የሞተችበት ሰው ካገኘሁ አስታውሳችኋለሁ» አለችኝ። ገላዌጅ ብርጭቆ እያነሳች ነበር፤ ሰምታለች።

የሄሚን እናት ምህረባን ትባላለች፤ እኔም ለአክብሮት ምህረባን ኻን እላታለሁ። ሴትዮዋን ብታዪያት፣ ዓይኗ እንደ መርፌ ነው። ሁለቴ ቤታችን መጡ። ሁለቴም ገላዌጅን ቀድሜ ሻይ ማፍያው ሳሞቫር አጠገብ አስቀመጥኳት፤ እሷ ተቀምጣ ትቀዳለች፣ እኔ አመላልሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ምህረባን ኻን እየሳቀች፣

«ናህያ ኻን፣ ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ነው እንዴ የበቀለችው?» አለችኝ።

«አይ፣ ዓይን አፋር ናት» አልኩ።

«እንግዲያው ዓይኗን እንግለጥላት። ዓርብ ጎይጃ ተራራ እንውጣ፣ በእኔ ግብዣ። ረጅም አይደለም፣ ለአጥንታችን ይበጃል።»

ገባኝ። በእናቶቻችን ጊዜ የወንዱ እናት ልጅቷን የሕዝብ መታጠቢያ ሐማም ወስዳ ገላዋን ታይ ነበር። አሁን ሁሉ ሰው በየቤቱ ነው የሚታጠበው፤ እናቶች ግን ማየቱን መቼ ተዉት? ተራራ ያወጣሉ። ትንፋሿን ይሰማሉ፣ ዕቃ ተሸክማ እንዴት እንደምትራመድ ያያሉ። እምቢ ብል ነገሩ እዚያው ሞተ። «እሺ፣ መንገዱን ግን እኔ ልምረጥ፣ አገሩ የኛ ነው» አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት ገላዌጅን ይዤ ለብቻችን ወጣን። ከምንጩ እስከ ማያው ድንጋይ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ታስታውሺዋለሽ? ልጆች ሆናችሁ አባታችሁ የሚወስዳችሁ፣ ከተማዋ እንደ ትሪ ተዘርግታ የምትታይበት። መንገዱ ሙሉ ለሙሉ ተራራውን በግራ ይዞ ነው የሚወጣው። በግራ በኩል መሬቱ ከፍ ይላል፣ በቀኝ ዝቅ ይላል። አጭሩ እግር ከፍ ያለው ላይ ሲያርፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለው ላይ ሲያርፍ፣ ሰውነት ይስተካከላል። ይህን ያሰብኩት ስድስተኛ ክፍል የቆምኩት እኔ ነኝ! ሽለር፣ እንደ ሚዳቋ ሄደች። ከኋላዋ ቆሜ አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን ቀጥ ብላ ስትሄድ አየኋት።

እሷ ግን ዘወር አለችና፣ «እማዬ፣ ስንመለስስ? ስንመለስ ተራራው በቀኝ ነው የሚሆነው» አለችኝ።

«ለመመለሻው አጎትሽ ፋተህ በመኪናው መንገድ ዞሮ ፒክአፑን ድንጋዩ ዘንድ ያቆምልናል።»

«ለሄሚን ብነግረውስ?»

«ቀለበቱ ጣትሽ ላይ ይግባ፣ ከዚያ ለፈለግሽው ንገሪ» አልኳት።

ዓርብ አምላክ ራሱ ያዘጋጀው የሚመስል ቀን ነበር። ተራራው ቀይ አበባ ለብሷል፤ ሰው በሰው ነው። እኔ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ምግብ ያለበትን ድስት በጨርቅ ቋጥሬ፣ አባትሽ ሹራቡን ለብሶ ሳሞቫሩን አቅፎ፣ ሄሚን ምንጣፉን ትከሻው ላይ አድርጎ። ምህረባን ኻን የሐብሐቡን ከረጢት አንሥታ «እንኪ በይ ሙሽራ» ብላ ለገላዌጅ ሰጠቻት፤ ልትመዝናት። ልጄ ተቀብላ እንደ ላባ ይዛው ወጣች። ሴትዮዋ ከኋላ አንዴ እግሯን፣ አንዴ ወገቧን ታያለች። አባትሽ ደግሞ ምን እንዳሳሰበው አላውቅም፣

«ምህረባን ኻን፣ ተራራውን ሊያዩ ነው ወይስ ተረከዝ ሊቆጥሩ የመጡት?» አላት። በክርኔ ጎሰምኩት።

«ሁለቱንም፣ ካካ ወንድሜ! ዓይን አንድ ሥራ ብቻ አይበቃውም» አለች፤ ተሳሳቅን።

ድንጋዩ ላይ ደረስን። በልተን፣ ሻይ ጠጥተን ስንጨርስ፣ አጠገባችን ያሉት ቤተሰቦች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጨፈር ጀመሩ። ገላዌጅ አንዲት ዛፍ ሥር ተቀምጣ አጨበጨበች፤ እኔም «ሐብሐቡ አድክሟታል» አልኩ። ከዚያ ሄሚን ሄዶ አጠገቧ ዛፏ ሥር ቁጭ አለ። እያየናቸው ነበር፣ ነውር የለውም። ብዙ ተነጋገሩ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል፣ እሷ ታወራለች። ምን እንዳወሩ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ምህረባን ኻን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ደስ ትላለች፣ የሚቀጥለው ዓርብ ቀለበት እናምጣ» አለችኝ። የዚያን ሰዓት ልቤ እንዴት እንደዘለለ! እንደ ምንም አቅልዬ «እንደ ፈቀዳችሁ» አልኩ። አልቆ ነበር እኮ፣ ሽለር። መኪና ላይ መውጣት ብቻ ነበር የቀረን።

ፋተህ ክላክስ አደረገ። ዕቃውን ማንሣት ስጀምር ምህረባን ኻን ወገቧን ይዛ ቆመች።

«በእግራችን ወጥተን፣ እንደ በግ ተጭነን ልንወርድ? አይሆንም! ዕቃው በመኪና ይሂድ፣ እኛ በመጣንበት በእግራችን እንውረድ።»

«ፀሐዩ...» አልኩ።

«ፀሐዩ ከኋላችን ነው። ወጣቶች ይቅደሙ፣ እኔ ቀርፋፋ ነኝ፣ ከኋላ እመጣለሁ።»

አባትሽ ከዕቃው ጋር መኪና ላይ ወጣ። ሄሚን ፊት፣ ቀጥሎ ገላዌጅ፣ ከኋላ ሴትዮዋ። እኔ በመካከል ገባሁ። ተራራው በቀኝ ሆነ።

ምን ብዬ ልንገርሽ። ስትወጣ የሸሸጋት ተራራ ስትወርድ አሳልፎ ሰጣት። አጭሩ እግር ዝቅ ያለው ላይ እያረፈ ሁለት ጣት የነበረው አንድ ስንዝር ሆነ። በየእርምጃው ትከሻዋ ይወርዳል፣ ይነሣል። እኔ የቀሚሴን እጅጌ ዘርግቼ እንደ መጋረጃ ከኋላዋ እሄዳለሁ።

«ናህያ ኻን፣ ትንሽ ወደ ጎን ይበሉልኝ፣ ከተማዋ አልታየችኝም።»

«መንገዱ ጠባብ ነው።»

«ልጅቷ ምን ሆና ነው? ድንጋይ ትቆጥራለች?»

«አሁን... አሁን እኮ ድንጋይ አጣመማት። እግሯ ዞረ።»

«መቼ? እኔ አላየሁም። ገላዌጅ! ልጄ፣ ቁሚ እስቲ፣ እግርሽን ልየው!»

ከምንጩ በላይ ያለችው መታጠፊያ ላይ ነበርን፣ ያቺ ደረጃ የምትመስለው። ገላዌጅ ቆመች። አውቃታለሁ፣ ዞራ ልትናገር ነበር፤ አፏ ተከፍቷል። እኔ እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ። ልደግፋት ብዬ። ሁለታችሁን ያጠብኩበት እጅ ነው፣ ሽለር፣ ሌላ እጅ የለኝም። ከዚያ ከታች ነበረች። ደረጃውን ዘላ ነው የወደቀችው፣ የሰው ቁመት የሚያህል ነው። አልጮኸችም። ከወደቀችበት ቀና ብላ ሄሚንን አላየችም፣ ሴትዮዋን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

«ይኸው! አላልኩም? ድንጋዩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ምህረባን ኻን ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፍፋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፀጉሯን ገልጣ፣ የገላዌጅን እግር አሰረችላት። «እኔ ነኝ! በእግር እንውረድ ያልኩት እኔ ነኝ!» እያለች ደረቷን ትደቃ ነበር። ሄሚን አዝሏት ወረደ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሴትዮዋ እጄን ይዛ ምን አለችኝ? «በእኔ ግብዣ፣ በእኔ መንገድ ተሰበረች። ብታነክስም ባታነክስም የኔ ሙሽራ ናት። ይህን ካጠፍኩ ሰው አይደለሁም።» የኛን ሰው ታውቂያለሽ፤ ጋብዞ የወሰደውን ሰው ጉዳት እንደ ደም ዕዳ ነው የሚሸከመው። ቀለበቱን በነጋታው አምጥታ አልጋዋ ላይ ራሷ አጠለቀችላት።

የተሰበረው ቀኙ ነው፣ ደህናው እግሯ። ቁርጭምጭሚቷ ውስጥ ብረት ገብቷል። ዶክተሩ «ሲድን ትንሽ ሊያጥር ይችላል» አለኝ። ያው የእናት ልብ ምን የማያስበው አለ፣ ምናልባት ከግራው ጋር እኩል ይሆኑ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ሳቄ መጣ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ምህረባን ኻን ቃሏን አታጥፍም፣ ግን ዓይኗ አላረፈም። ነርሷ የገላዌጅን ግራ እግር ስትለካ የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። አንቺ ያለሽበት ከተማ የሚኖር ወንድም አላት፤ ካክ ሰርባስት ይባላል፤ «እህቷን ጠይቅልኝ» ብላ ጽፋለች አሉ። ሊጠይቅሽ ሲመጣ ሻይ አቅርቢለት፣ ሳቂለት፣ ከዚያ እንዲህ በይው፦ «እህቴ ጤነኛ ነበረች፣ በሠርጌ ቀን ጭፈራውን የመራችው እሷ ናት።» ፎቶ ከጠየቀሽ የተቀመጠችበትን ብቻ አሳይው። በቃ፣ ይቺን ብቻ ነው የምለምንሽ። እነሱ ሊጠይቁን ከሚችሉት እውነቱን የምናውቀው አንቺ፣ እኔ፣ አባትሽና እሷ ነን።

ሄሚንም ያውቃል ለካ። ባለፈው ሰኞ አፕሪኮት ይዞ መጥቶ ሲወጣ በር ላይ፣ «አክስቴ፣ ዛፏ ሥር እግሯን ነግራኛለች» አለኝ። «እኔም ግድ የለኝም ብያት ነበር። ማታውኑ ለእናቴ ልነግራት፣ እምቢ ካለችም ያለ እሷ ፈቃድ ላገባት ተስማምተን ነበር።»

ቶሎ ብዬ፣ «ልጄ፣ አሁንማ እናትህ ወዳለች፣ ምን ትነካካዋለህ? ዝም በል» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ዝም ብሏል፣ ለሱም ተመችቶታል። እንዴት እንደወደቀች ግን አልጠየቀኝም። ሳይጠይቀኝ መሄዱ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ገላዌጅ ደህና ናት። ትበላለች፣ ቀለበቷን ታያለች፣ ለማንም ምንም አልተናገረችም፤ አባትሽ ሲጠይቃት እንኳ «ድንጋይ ነው» ነው ያለችው። ጨዋ ልጅ ናት። ከሳምንት ወዲህ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች። አንድ አዲስ ጠባይ ብቻ አምጥታለች። ወደ ግቢ ስንወጣ፣ ደረጃዋ ላይ ስንደርስ፣ እኔ ልደግፋት ከኋላ ስሆን ትቆማለች። ግድግዳውን ተደግፋ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፣ «እማዬ፣ አንቺ ቅደሚ» ትለኛለች። «ልደግፍሽ እኮ ነው» እላለሁ። «ቅደሚ» ትላለች፣ በለሰለሰ ድምፅ። እስክቀድም ድረስ አትንቀሳቀስም። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ላይ ቆመን ብዙ ጠበቅኳት፤ አልቀደመችም።

እናትን ማስቀደም ከአክብሮት ነው፣ አይደል? አንቺ ታላቋ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሻት።

በቤትሽ ሳቅ አይጥፋ፣ የምትረግጪው መሬት ሁሉ ሜዳ ይሁንልሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። ገላዌጅ ሰላም ብላሻለች ብዬ ጻፍኩ፤ ተኝታ ነው፣ አልቀሰቀስኳትም።

የምትናፍቅሽ እናትሽ
ናህያ