የሳሙና ካርቶን ቴሌቪዥን

ሚያዝያ 12 ቀን 1983፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ወረቀቱ ዛሬም ጅቡ ወንዝ የሚሻገርበት ላይ ተቀደደ። በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ የኩራዙን ክር ቆረጥኩ። ዘይት ያልጠጣ የሲሚንቶ ወረቀት ብርሃን አያሳልፍም። ይህን ያስተማረኝ ደሳለኝ ነው። ባሌ። (አንቺ ደብተር አዲስ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፤ የድሮዋ አልቃለች።)

አርባ ምንጭ ለሥልጠና ሄዶ ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን አየ። የልጆች ፊልም፤ የተሣሉ እንስሳት ይሮጣሉ፣ ይናገራሉ። ጅንካ ተመልሶ ሰንበት እስኪል ስለ ሌላ ነገር አላወራም። ከዚያ የሳሙና ካርቶን ፊቱን ቆረጠ፣ ሁለት ዱላ ሰካበት። ከሚሠራበት መጋዘን የሲሚንቶ ከረጢት አምጥቶ፣ ቀጣጥሎ፣ ሥዕል ሣለበትና ጠቀለለው። ከኋላ ኩራዝ። ዱላውን ስታዞሪው ሥዕሉ ያልፋል። ቅዳሜ ገበያ ሲበተን የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እኛ ቤት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ።

የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳን መጥቶ አየ። ጅቡ ኢምፔሪያሊስት መሆኑ በግልጽ ይታይ አለ። ደሴ (ደሳለኝን እንዲህ ነው የምጠራው) እሺ ብሎ ለጅቡ ባርኔጣ ሣለለት። ልጆቹ ባርኔጣውን ወደዱት፤ ጅቡንም ጭምር። ጓድ ሊቀመንበር በጣም አዘነ።

አምና ኅዳር ደሴን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። እኔ መሣል አልችልም። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ብሆንም ድምፅ መለወጥም አልችልም። ማዞር ብቻ። የእንስሳቱን፣ የጅቡንም የኤሊውንም፣ ንግግር ልጆቹ ራሳቸው በቃላቸው ይሉታል። የመጨረሻው ጥቅልል ኤሊው ኦሞ ዳር ደርሶ ውሃውን ሲያይ ያልቃል። ከዚያስ? ይላሉ። ጋሼ ሲመጣ እላለሁ።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ ጠዋት ደሴ ሳለ። ከአጥሩ ኋላ። ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ፣ ከዚያ ጎተት ያለ "እ...ንግዲህ"። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

አይኬ ናት። የጎረቤታችን ልጅ፣ ስድስት ዓመት አልሞላትም። ኤሊ ኤሊ ትጫወታለች።

የሱ ሳል እኮ የመጋዘኑ አቧራ ነው። እየሣለ ይስላል፤ ሁለቱ በፊደል ካልሆነ አይለዩም። ኤሊው ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ሳሉ ይቀድመው ነበር። ልጆቹ ኤሊ ሁሉ ስሎ የሚናገር መስሏቸዋል። ጮህኩባት፤ አለቀሰች። እኔን ብሎ አስተማሪ! ሸንኮራ ሰጥቼ አባበልኳት። እየበላች፣ እየሳለች ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ በሙሉ ይስላል። አውሮፕላን ሜዳው ላይ፣ ቧንቧ ዳር፣ ማንጎው ሥር። አሁንም ልብ አድርጊ፣ እየሰማሁ ነው የምጽፈው።

ሚያዝያ 26፣ ቅዳሜ

ቀበሌው እውነተኛ ቴሌቪዥን አስመጣ! ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ በጄኔሬተር። አንቴናውን ዛፍ ላይ አሰሩት። የመጣው ጉም ነው። ነጭ ጉም፣ እየተንሿሿ። አዞሩት፣ መቱት፣ ሰው ዛፍ ላይ ወጣ። ጉም። ጓድ ሊቀ. የካርቶኑ ጊዜ አብቅቷል ብሎ ንግግር ያደረገው ደግሞ ቀድሞ ነው፤ እዚያው ዐረፍተ ነገር ላይ ሆኖ ቀረ።

ልጆቹ ግን አልተነሡም። አፍጥጠው ያያሉ። አይኬ ጣቷን ቀሰረች። ጋሼ ደሳለኝ ያውላችሁ፣ ውስጥ ነው፣ እየሳለ ነው አለች። ሌሎቹም አዎ አዎ። ሰው ሳቀ። እኔ... ልንገርሽ? እኔም አየሁ። ጉሙ ውስጥ ትከሻው። ተነሥቼ ሄድኩ።

ግንቦት 22፣ ሐሙስ

መንግሥት የለም። ሬዲዮው ሌላ ሰው ሆኗል። ቢሮዎች ተቆልፈዋል፤ ጓድ ሊቀ. የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ወታደሩ ተበትኖ በእግሩ ወደየአገሩ እየመጣ ነው አሉ። ቤቱን ጠረግኩ። ሸሚዙን አጠብኩ። እማማ፣ የደሴ እናት፣ ቆጮ አዘጋጅታ በር ላይ ተቀመጠች።

ሰኔ 3፣ ሰኞ፣ እኩለ ቀን

ወ/ሮ አልማዝ ከወይጦ መጣች፤ እዚያ ማሽላ ትነግዳለች። አንድ የፀማይ ተወላጅ ወታደር፣ ከሰሜን የተመለሰ፣ መልእክት ሰዷል። የጅንካው ደሳለኝ፣ ሥዕል የሚሥለው፣ አርፏል።

አርፏል።

ጎረቤት "ዋይ!" አለ። የእድሩ ሰዎች ወንበር ተሸክመው ደረሱ፤ ድንኳኑም ከኋላ እየመጣ ነው። ወንበሩን መልሱ አልኩ። ማነው ሞተ ያለው? አረፈ ማለት ከሥራም ነው፣ ከመንገድም ነው! አቶ ተፈራ፣ የእድሩ ዳኛ፣ አንገቱን ደፋ። የኔ ልጅ፣ መልእክት ሲላክበት ትርጉሙ አንድ ነው አለኝ። አፍህን ይዝጋው አልኩት። ሽማግሌ! አፈርኩ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

እማማ በቋንቋዋ፣ በአሪኛ፣ ጠየቀችኝ። ይሄ የአማርኛ ቃል ምንድን ነው? ቸርች ስንዘምረው ደስ ይላል እኮ። አታልቅሺ ብቻ አልኳት። ለቆመ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ፣ ወይጦ

በጭነት መኪና መጣሁ። ሙቀቱ አያድርስ። ወታደሩን አገኘሁት፤ ኦይታ ይባላል። ግራር ሥር ከጎማ የተሠራ ጫማውን ይሰፋል። አማርኛ የለመደው ወታደር ቤት ነው።

አብረው ነበሩ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ፣ ሲያገኙ በመኪና፣ ሲያጡ በእግር። አርባ ምንጭ ሳይደርሱ፣ ከአንድ ድልድይ አጠገብ፣ ደሴ አቃተው። ደም ይተፋል። ላርፍ፣ አንተ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ አለው። ኦይታ ሄደ። አረፈ ያለው ይህንን ነው!

እኛ ዘንድ ሰው አረፈ ማለት ሞተ ማለት ነው አልኩት። አፉን በእጁ ያዘ። "እኔ ምን አውቄ! ወታደር ቤት ዕረፍት ሲሉ ቁጭ ብለን ውሃ ነው የምንጠጣ!" አለ። ሳቅኩ። በሰው ፊት፣ እንደ እብድ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ጠየቅኩት። ደረሰብህ ወይ? ጫማውን አስቀመጠ። አርባ ምንጭ ላይ ቁሞ ጠበቀው። ኮንሶ ላይም ጠበቀው፤ አልመጣም።

ስስቅ ምነው አፌን በቆረጠው።

ወደ ኮንሶ የሚሻገር መኪና ጠፋ፤ መንገዱ ላይ ይዘርፋሉ አሉ። ነገ ወደ ጅንካ ልመለስ ነው።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

እድሩ አንድ ነገር ንገሪን ይላል። ለቅሶ ነው፣ አይደለም? አይደለም ስል ያዩኛል፤ ነው እንዳልል ደግሞ እኔው በምላሴ የገደልኩት ይመስለኛል። እማማ ቆጮውን አልነካችም። ላልቅስ? ትለኛለች በዓይኗ። እኔ ነኝ የከለከልኳት። ዛሬም ከአጥሩ ኋላ ሳል ይሰማል። ልጆቹ ናቸው። ልጆቹ መሆናቸውን ግን ወጥቼ አላየሁም።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ገበያው ሳስቷል። ልጆቹ ግን መጡ፤ ብርድ ልብሱን ራሳቸው ሰቀሉት። አዞርኩ። ኤሊው ውሃው ዳር ደረሰ። ከዚያስ? አሉ።

አላውቅም አልኳቸው። ጋሼ ደሳለኝ ታሟል፤ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ቀርቷል። ይነሣ አይነሣ አላውቅም። ኩራዙ ይርገበገባል። አይኬ ናት የጠየቀችው፤ ታዲያ ሄዶ የጠራው ሰው የለም?

ጉድ እኮ ነው። እድርተኛው፣ ወታደሩ፣ እኔ፣ ሁላችን አረፈ የምትለዋን ቃል ስንፈታ ሰነበትን። ማንም ሄዶ አልጠራውም።

አቶ ተፈራ ጋ ሄጄ እግሩን ሳምኩ፤ ይቅር አለኝ። ሰኞ ጠዋት እስከ አርባ ምንጭ ተከታትለው የሚሄዱ መኪናዎች አሉ፤ አንዱ ላይ ያስጭነኛል። ከእድሩ ሁለት ወንዶች እስከ ድልድዩ አብረውኝ ይሄዳሉ። አካፋ ይያዙ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ቀስ ብሎ። ይያዙ አልኩ። ቃሬዛም ይያዙ አልኩ።

ለእማማ ነገርኳት። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ እንድሰማት ብላ፣ "እሱ አርፎ ከሆነ ይረፍ። አንቺ ሂጂ፣ እኔን አሳርፊኝ" አለችኝ።

እሄዳለሁ። ካለ ተሸክመን እንመጣለን። ከሌለ የት እንዳለ አይቼ እመጣለሁ፤ ያኔ ድንኳኑ ይተከል፣ እማማም ታልቅስ። እኔም ጭምር። እኔ እኮ እስከዛሬ አላለቀስኩም።