በልብስ ማጠቢያው ክፍል የሕፃናት ሐኪሞችን ያሠለጠኑት የእናታችን የሕይወት ታሪክ

«በኮሌጁ ሙሉ ድጋፍ» የሚሉት ሦስት ቃላት ይግቡ አይግቡ የሚለው ክርክር ትናንት ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንኳ አላበቃም ነበር። ከዋና ከተማው የሕክምና ኮሌጅ የመጡት ተወካይ፣ እናታችን የከፈቱት የሕፃናት ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና «በኮሌጁ ሙሉ ድጋፍ ተቋቋመ» ተብሎ በዚህ ጽሑፍ እንዲሰፍር ጠየቁ። የእናታችን ታላቅ ወንድም፣ አጎታችን፣ ጠብ የማይወዱ ሰው ናቸውና፣ «ልጆች፣ ለቀብር እንጂ ለሙግት አልተሰበሰብንም፤ ሦስት ቃል ማንን ይገድላል?» አሉ። አባታችን ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «እሷ ብትኖር እንዲህ ያለ ወረቀት ታሳልፍ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አጎታችን ጥቂት አሰቡና፣ «እሱስ ወረቀቱንም እኔንም አንድ ላይ ትቀደን ነበር» አሉ። ስለዚህ ቃላቱ አልገቡም። የሆነው የሚከተለው ነው።

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአትክልት ነጋዴ እናታቸው በየካቲት ወር 1945 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው ሠፈር ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ከደንበኛ ጋር ስለ ልብስ ልክ ሲከራከሩ አስቀድመው መቀሱን ያስቀምጡ ነበር፤ መቀስ ይዞ የሚከራከር ሰው ይፈራል እንጂ አይደመጥም ይሉ ነበር። እናታችን ከዚህ ምክር ግማሹን ብቻ ወረሱ፤ ክርክሩን።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ አጠናቀው በ1963 ዓ.ም. ዋና ከተማው ወዳለው የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1970 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት የመንገድ ቀያሽ የሆኑትን አባታችንን አገቡ። በ1977 ዓ.ም. በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ሆኑ። ኮሌጁ በመምህርነት ሊያስቀራቸው ቢፈልግም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደዚሁ ከተማ ሆስፒታል ተመለሱ። አባታችንም፣ «ሰው ሁሉ እኔ በቀየስኩት መንገድ ሲሄድ እኔ በሚስቴ መንገድ ሄድኩ» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስምንት ዓመታት ለክልሉ በሙሉ የነበሩት የሕፃናት ስፔሻሊስት እሳቸው ብቻ ናቸው። ክልሉ ሰፊ፣ ሕዝቡ አብዛኛው ገበሬ፣ መንገዱም ክረምት ሲገባ የሚቆረጥ ነው። ልጅ የታመመባት እናት የሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ ስትደርስ እናታችን ራሳቸው ታመው ከሆነ፣ ሌላ ስፔሻሊስት ያለው ዋና ከተማው ነበር። አውቶቡሱ የሚነሣው ደግሞ በማግስቱ ነው። ማግስቱን ያላዩ ልጆች ብዙ ነበሩ።

ስድስት ጎበዝ ጠቅላላ ሐኪሞችን እየመረጡ ለስፔሻሊቲ ወደ ኮሌጁ ላኩ። ስድስቱም ተመረቁ፤ አንዱም አልተመለሰም። እዚያ አገቡ፣ ወለዱ፣ ጎጆ ወጡ። እናታችን አልተቀየሟቸውም። «ችግኝ በተተከለበት ነው የሚጸድቀው» አሉ። «እዚያ ተክለን እዚህ ጥላ የምንፈልገው እኛ ነን ሞኞቹ።»

በ1995 ዓ.ም. ሥልጠናው እዚሁ እንዲሰጥ ኮሌጁን ጠየቁ። ክፍል የለም፣ መምህር የለም የሚል መልስ መጣ። እናታችን የአሮጌውን ልብስ ማጠቢያ ቁልፍ ከሆስፒታሉ የጽዳት ኃላፊ ተቀበሉ። በሲሚንቶ ገንዳዎቹ ላይ ጣውላ ተጋድሞ ጠረጴዛ ሆነ። ግድግዳው ቢቀባ ቢቀባ የበረኪናው ሽታ አልለቅ አለ። ለስፔሻሊቲ የሚሠለጥኑ ሁለት ሐኪሞች (ሬዚደንቶች)፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በዚያ ክፍል ትምህርት ጀመሩ።

የኮሌጁ ዲን በአንድ ስብሰባ ላይ፣ «ስፔሻሊስት በሳሙና ታጥቦ አይወጣም» ብለው አዳራሹን አሳቁ። እናታችን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «እኛ እንኳ ያጠብነውን ለባለቤቱ እንመልሳለን፤ እናንተ የወሰዳችኋቸውን ስድስቱን የት አደረሳችኋቸው?» አሉ። ብዙም ሳይቆይ እናታችን ከሕፃናት ሕክምና ክፍል ኃላፊነታቸው ተነሡ። ቢሮውን አስረክበው በማግስቱ በሰዓታቸው ልብስ ማጠቢያው ተገኙ። «ዶክተር እምቢ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው።

ሁለቱ ሬዚደንቶች ሥልጠናውን ሲጨርሱ ኮሌጁ ዕውቅና የሚሰጠው ዋና ከተማ ሄደው ከተፈተኑ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ፈተናው ከነዝግጅቱ ወር ይፈጃል፤ ሕሙማኑ የሚተኙበት ዋርድ ደግሞ የሚያድረው በእነዚሁ ሁለት ተረኞች ነው። እናታችን፣ «ፈታኞቹ ሦስት፣ ሕሙማኑ ሰባ ናቸው። ለመንገድ የሚቀለው የቱ ነው?» ብለው መለሱ። ዓመት ሊሞላ ሆነ። ወጣቷ ሬዚደንት፣ «ዶክተር፣ በእርስዎ እልህ የኛ ዕድሜ ይለቅ ወይ?» ብለው አፍ አውጥተው ተናገሯቸው። የእናታችን ፀጉር የሸበተው በዚያ ዓመት ነው።

በሚያዝያ ወር 1999 ዓ.ም. ፈታኞቹ ጭቃ በለበሰ አውቶቡስ መጡ። ወንዱ ሬዚደንት አለፉ። ወጣቷ የአንድ ሕፃን ልብ ሲያዳምጡ ያለበትን ጉድለት መለየት ስላቃታቸው ወደቁ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ በደል ነው ብሎ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ፤ ዶክተር እምቢ ዛሬ ጉድ ያፈላሉ ብሎም ጠበቀ። እናታችን ግን በሁሉ ፊት፣ «ፍርዱ ትክክል ነው። ልጅቷ አላወቀችም፤ ያላወቀችውም እኔ ስላላስተማርኳት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ዋናው ፈታኝ፣ ወደ ልብ ሐኪሙ ዞረው፣ «እንግዲህ የጎደለንን አይተዋል። ሕመሙን አይቶ መሄድ ደግሞ የሐኪም ወግ አይደለም» አሏቸው።

በማግስቱ አውቶቡሱ የተነሣው ያለ ልብ ሐኪሙ ነው። ሦስት ሳምንት ሰንብተው ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ ወጣቷን አስተማሩ፤ ከዚያም በየዓመቱ ተመላለሱ። ዛሬም በቀብሩ ላይ በመካከላችን ናቸው። ወጣቷ በቀጣዩ ዓመት ተፈትነው አለፉ፤ አሁን የሕፃናት ሕክምና ክፍሉን ይመራሉ። ኮሌጁ ለሥልጠናው ዕውቅና የሰጠው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ላደረገው ድጋፍ እናመሰግናለን። ከዚያ በፊት ያደረገው ድጋፍ አይባልም።

ልብስ ማጠቢያው እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ስፔሻሊስቶችን አስመርቋል። ከአምስቱ በቀር ሁሉም በዚሁ ክልል ይሠራሉ። ስለ አምስቱ ሲነሣ እናታችን ወሬ ይቀይሩ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ማስተማሩን ግን አልተዉም። በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። ዋና ከተማ ሄደው እንዲታከሙ ሁላችንም ለመንናቸው፤ መልሳቸውን መጻፍ አያስፈልግም። ቢሄዱ ኖሮ ይሻላቸው ነበር ወይ የሚል አለ፤ እኛም እንላለን። ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው እዚሁ ሆስፒታል ዐረፉ።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመ ጎናቸውን ሙግት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ሙግት ማጣቱ ከከበዳቸውም ትዕግሥቱን ይስጣቸው። ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።

ወደ ዋርዱ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት በመጋቢት ወር፣ በአባታችን ክንድ ተደግፈው ነበር። የደረሱት ሐኪሞቹ ሕሙማኑን በሚዞሩበት የጠዋት ራውንድ ላይ ነው። ሐኪሞቹ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ከበው ትንፋሽ ስላጠራት ልጅ ይከራከራሉ፤ አንደኛው የሳንባ ምች ነው ሲሉ ሌላዋ አስም ነው ይላሉ፤ የልጅቷም እናት ጣልቃ እየገቡ ሁለቱንም ያርማሉ። እናታችን ግድግዳው ሥር ቆመው አዳመጡ። ሁለቴ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቴም መልሰው ዘጉት። አንደኛዋ ሐኪም ጎንበስ ብለው ማዳመጫቸውን የልጅቷ ጀርባ ላይ ሲያሳርፉ ሁሉም ዝም አሉ። ያኔ እናታችን የአባታችንን እጅጌ ሳብ አደረጉና ሁለቱ ቀስ ብለው በበሩ ወጡ።