ሥራ አስኪያጁ ስላነሡት መቀርቀሪያ

ለክቡር አቶ አስፓሩህ ከሃዮቭ
የ«ሎዛ» ቲኬት ሽያጭ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ፕሎቭዲቭ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ካባረሩኝ ወዲህ ደኅና እተኛለሁ፤ እርስዎም ደኅና የሚተኙ ከሆነ ግን ይገርመኛል።

በበጋው ቲያትር አንድ ወንበር ለሁለት ሰው የተሸጠው «በአንዲት ጀማሪ ፕሮግራመር ስንፍና» መሆኑን በራዲዮ ስላበሠሩልኝ አመሰግናለሁ። ቢሮ ሳለሁ «ልጅት» ነበርሁ፤ በራዲዮ ግን ስሜን ከነአባቴ አሟልተው ጠሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የጠየቅሁበት ሁሉ ስሜን ሲሰማ ይሥቃል። ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቲኬት የሚሸጥልን የኮምፒውተር ፕሮግራም ገና ሲነሣ፣ ማንም ላልጠየቀው አዳራሽ ጭምር የተሸጠውንና ያልተሸጠውን ወንበር የሚያሳይ የመቀመጫ ሰሌዳ እየፈጠረ ገዢውን ያጉላላ ነበር። እኔ ሰሌዳው የመጀመሪያው ገዢ ሲጠይቅ ብቻ እንዲፈጠር አደረግሁ። እንግዳ ሳይመጣ ማዕድ አይዘረጋም። ይህን ዛሬ ስንፍና ያሉት ክቡርነትዎ፣ ለባለአክሲዮኖች ሲያሳዩ «የእኔ ሐሳብ» ብለውት ነበር።

፪. ይህ አሠራር አንድ አደጋ አለው። ሁለት ገዢዎች እኩል ከደረሱ፣ ሁለቱም ሰሌዳው አለመኖሩን አይተው ሁለት ሰሌዳ ያስፈጥራሉ፤ አንዱ የሸጠውን ሌላው አያውቅም። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ በር መቀርቀሪያ የሚሠራ ትእዛዝ አበጀሁለት፤ አንዱ ገብቶ እስኪፈጥር ሌላው ለቅጽበት ደጅ ይቆያል። እርስዎ ግን ደረጃው ላይ አስቁመውኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ ቦዢዳር እየሰማ፣ «ልጅት፣ ይሄን መቀርቀሪያ አንሺልኝ፤ የኔ ደንበኛ የዳቦ ወረፋ አይጠብቅም» አሉኝ። ይጋጫሉ ብልዎ፣ «አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ» ብለው ራስዎ አነሡት። በራዲዮ ሲጠየቁ ግን «መቀርቀሪያ የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅ» አሉ።

፫. በበጋው ቲያትር መክፈቻ ዕለት ጡረተኛው የመለከት መምህር አቶ ፔንቾ፣ ወይዘሮ ዝላትካን ከነሱፍ ፍሬያቸው ወንበራቸው ላይ አገኟቸው። ወይዘሮዋ «ና ጭኔ ላይ ተቀመጥ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም አልከበደኝም» ሲሉ አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ። ለዚህ ጨዋታ ምስጋናው ለእርስዎ ሲገባ፣ ሣቁ ለእኔ ተረፈ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ራዲዮ፣ በዚያው ድምፅ፣ ስሜን ያጽዱልኝ።

አንድ ሰው ብቻ ከሚቀመጥበት ወንበርዎ ፊት ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ፤
ራሊትሳ ዱልጌሮቫ

ማሳሰቢያ፦ ይቅርታዎን እስኪፈለግ ድረስ ሳይፈጥሩ ማቆየትዎ የሙያዬን ሥርዓት ማክበርዎ ይመስለኛል። እነሆ፣ ተፈልጓል። ይቅርታ ሊጠይቁ በራዲዮ ሲወጡ ግን መቀርቀሪያውን ይመልሱት፤ አለዚያ እንደ ባለፈው ሁለት ከሃዮቭ ይወጣሉ፣ አንዱ «አንሺው» ያለው፣ ሌላው «አልሰማሁም» ያለው። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም፣ ያባረረኝ የትኛው እንደሆነ በጆሮው የሰማው ቦዢዳር ያስረዳል።